ከሰይፉ በፊት ሁለት ምት

መስከረም 9

ወንድምዓለም፣

ሰላምታውን ወደ መጨረሻ አስተላልፌዋለሁ። በዚህ ንዴት እንደምን ሰነበትክ ብልህ ከልቤ አይሆንም።

አዎ፣ ነክሼዋለሁ። ቆዳ ጫኙ ሹፌር የነገረህ እውነት ነው። ያጋነነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የነከስኩት ጆሮውን ሳይሆን አውራ ጣቱን ነው። ዘበኛው ሁለት እጄን ወደ ኋላ ጠምዝዞ በደረጃው ቁልቁል ሲጎትተኝ ነፃ የቀረልኝ ጥርሴ ብቻ ነበር። ደሙ ሸሚዜ ላይ አለ፤ አላጠብኩትም። የአለቃዬን ስክሪን በማይክሮፎን ማቆሚያ ብረት የሰበርኩትም እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ምት እምቢ አለ። በሦስተኛው መሀል ለመሀል ተሰነጠቀ፤ አለቃዬም ጠረጴዛው ሥር ገባ።

ለምን ብለሃል። ከካርታ ሌላ ጨዋታ ስለማታውቅ ከሥሩ ልጀምርልህ።

እዚህ መሥሪያ ቤት ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራዬ የመግደል ድምፅ መሥራት ነበር። ሰዎች በስልካቸው በሚጫወቱት ጨዋታ ውስጥ አንገት ሲሰበር የምትሰማው፣ ጥቅል ጎመን ሲጠመዘዝ ነው። ቆዳ ሲገፈፍ የምትሰማው ውኃ የጠጣ አሮጌ ጫማ ነው። ስንትና ስንት ሰው ገድያለሁ፤ ሁሉንም በአትክልት። እውነተኛ የነበረው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ከሥጋ ቤታችን ራሴ የቀዳሁት የእማ መጥረቢያ። «ሰያፊው» በሚባለው ጨዋታ ውስጥ ሰያፊው አንገት ከመቅላቱ በፊት በመጥረቢያው ሁለቴ ያንኳኳል፤ ቋ፣ ቋ። ይህን ሰምቶ ጎንበስ ያለ ተጫዋች ይተርፋል። ያልሰማ አለቀለት። ያ የእማ እጅ ነው። የማታውቀው ሕዝብ በእሷ እጅ ይሞታል፤ በእሷ እጅም ይተርፋል።

ድምፁን እንዲሁ አልሰጠኋቸውም። ባለ አንድ ገጽ የፈቃድ ወረቀት ጻፍኩ። ድምፁ የእማ ነው፤ ለዚህ ጨዋታ ብቻ ይጠቀሙበታል፤ በመጨረሻ በሚወርደው የሠሪዎች ስም ዝርዝር ላይ «የመጥረቢያው ድምፅ፦ ሁለቴ» ተብሎ ይጻፋል፤ ስሙ ከቀረ ፈቃዱም ይቀራል። ገበያው የሚጠራት በዚያ ስም ነው። «ሌላውን ስሜንማ እኔም ረስቼዋለሁ» ብላ ስቃ አውራ ጣቷን አሳረፈችበት። አለቃዬም ፈረመ። ጨዋታው ሳይወጣ እሷ ሞተች።

ባለፈው ሳምንት ወጣ። ዝርዝሩን እስከ ታች ጠበቅኩ። ሻይ አፍሊው ሳይቀር ስሙ አለ። ከመጥረቢያው ድምፅ አጠገብ የተጻፈው ግን የአለቃዬ የእህት ልጅ ነው፤ መጥረቢያ ቢያስጨብጡት የራሱን እግር የሚቆርጥ ጎረምሳ! አለቃዬ ዘንድ ገብቼ በጨዋ ደንብ ጠየቅኩ። ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «ሴትዮዋ ሞታ የለም እንዴ? ማን ደስ እንዲለው ነው?» አለኝ።

ብረቱ አጠገቤ ነበር።

አሁን ከሰውኛል። ድምፁን ከእነሱ እንደሰረቅኩ ነው የሚሉት። እነሱ ዘንድ የነበረው ወረቀት «አልነበረም» ሆኗል። የእማ ቅጂ ቢላዋዎቹ ያሉበት መሳቢያ ውስጥ ነው። ፈልግልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም፤ ያቺ አንዲት መስመር እንድትጻፍላት ብቻ።

እንግዲህ፣ እንደምን ሰነበትክ?

እህትህ


መስከረም 23

ለተናካሿ እህቴ፣

ጥርስሽ ደህና መሆኑን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኔ ደህና ነኝ፤ ሥጋ ቤቱ ደህና ነው፤ ዝንቡም ከነቤተሰቡ ደህና ነው።

አገኘሁት! ከሞረዱ ሥር አራት ቦታ ታጥፎ ነበር። ዳር ዳሩን ጮማ ነክቶታል እንጂ ጣቷ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ትንሽ አለቀስኩ። ለማንም እንዳትናገሪ፤ ሥጋ ሻጭ ሲያለቅስ ካዩት ሥጋው ከርሞበት ነው ይላሉ። እሷ ዘንድ ትተሻት የሄድሽው ትንሿ የድምፅ መቅጃም አብራ አለች።

ሹፌሩ ዛሬ ጭነት በዝቶበት ሲጣደፍ ወረቀቱን ለእሱ ልሰጥ እጄ ፈራ። ለሚቀጥለው ዙር በላስቲክ ጠቅልዬ እልከዋለሁ። ይልቅ እሱም ይጫወተዋል አሉ፤ አምስት ጊዜ አንገቱ ተቀልቷል። «እናትህ ናት የገደለችኝ» እያለ ይወቅሰኛል።

አንድ ደስ የሚል ነገር ደግሞ ልንገርሽ። ከትናንት ወዲያ ሁለት ሰዎች በነጭ መኪና መጡ። ከሩቅ ነው የመጡት፤ ጨዋታውን የሚወዱ ናቸው። «የሴትዮዋ የሥጋ መክተፊያ ግንድ ይሄ ነው?» ብለው ዳሰሱት። በርጩማ አቀረብኩላቸው። ኩራት ይዞኝ ወረቀቱን አወጣሁና «ይቺ እናቴ ናት» አልኳቸው። አንደኛው ሁለት ጊዜ አነበበው። ጎድን ገዝተው ሄዱ፤ ተመልሰን እንመጣለን ብለዋል። ጨዋ ሰዎች ናቸው።

ዘጠኜ ወንድምሽ


ጥቅምት 7

ወንድምዓለም፣

ሹፌሩ ባዶ እጁን መጣ። ደብዳቤህ አምስት መስመር ነው፤ ሦስቱ ሰላምታ፣ አንዱ «ወረቀቱን አይጥ በላው»፣ አንዱ «ይቅርብሽ»። አይጡ ማንበብ ይችላል? ከዚያ ሁሉ ጮማ መሀል ወረቀት የመረጠ አይጥ የት አገኘህ?

ጽሑፍህንስ ምን ነካው? አንተ እኮ ከአስተማሪ የሚበልጥ እጅ ነበረህ። አሁን ፊደሎችህ ከጠጅ ቤት እንደወጡ ሰዎች እርስ በርስ ተደጋግፈው ነው የቆሙት። እየጠጣህ ከሆነ ንገረኝ፤ አልቆጣም። ዋሸሁ፤ እቆጣለሁ።

አይቀርብኝም። የአለቃዬ የእህት ልጅ ለችሎቱ በሰጠው ቃል፣ ድምፁን በጎመንና በፋስ ስቱዲዮ ውስጥ እንደሠራው ጽፏል። ጎመንና አጥንት የሚለየው ሥጋ ቤት ያደገ ሰው ነው፤ ዳኛዋ ደግሞ ሥጋ ቤት አላደገችም።

ጠበቃዬ «ግን ለምን ሁለቴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። እኔ ሳልወለድ፣ አንተ የአምስት ዓመት ልጅ ሆነህ አጥንት ልትሰርቅ እጅህን ወደ ግንዱ እንደሰደድክ። እማ መጥረቢያውን ለቃው እንደነበር። ትንሿ ጣትህ ከጎድኑ ጋር እንደሄደች፣ ገበያውም ዘጠኜ ብሎ እንደሰየመህ። ከዚያ ቀን እስከሞተችበት ቀን በመጥረቢያው ጀርባ ግንዱን ሁለቴ ሳታንኳኳ አንዲት ምት እንዳልመታች፤ ብቻዋን ስትሆን እንኳ። አንተ አጥንቱን ትይዝላታለህ፤ ሁለቱን ስትሰማ እጅህ ይነሳል፤ ከዚያ መጥረቢያው ይወርዳል። የእኔ ጣቶች አስር የሆኑት በእነዚያ ሁለት ምቶች ነው። ጠበቃዬ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ኋላ «ይሄን የሚያሳይ ነገር አምጪልኝ» አለች።

የሚያሳየውን ነገር በገዛ እጄ ቆርጬ ጥዬዋለሁ። የሙያችን ደንብ ነው፤ ድምፅ ከተቀዳ በኋላ ይጸዳል። ዝንቡ፣ ወሬው፣ ትንፋሹ ይወጣል። ከሁለቱ ምቶች በፊት የነበረውን የእማን ንግግር እንደ ቆሻሻ አወጣሁት። ንጹሕ ድምፅ አስረከብኳቸው፤ ከንጽሕናው የተነሣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ። ያልተቆረጠው ያለው በዚያች መቅጃ ውስጥ ብቻ ነው። ድምፁን የያዘችው ካርዷ የጥፍር ያህል ናት። ወረቀቱን አይጥ ከበላው ካርዷን ላክልኝ።

እህትህ


ጥቅምት 21

እታለም፣

ለጤናሽ እጅግ አድርጌ እንደምን ነሽ እላለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ሥጋ ቤቱም ደህና ነው። ጽሑፌ የተበላሸው ጠረጴዛው ስለሚወዛወዝ ነው። አልጠጣሁም።

መቅጃዋን ሳላያት ረግጬ ሰበርኳት። ካርድ የሚባል ነገር አላየሁም።

ሙት በስም አይጠግብም። ተይው።

ወደዚህ አትምጪ። እኔም አሁን በሩን በቀንም እቆልፋለሁ፤ ሳያንኳኩ የሚገቡ ሌቦች በዝተዋል። ሹፌሩን እንኳ የማነጋግረው በመስኮት ነው።

ወንድምሽ


ኅዳር 4

ወንድሜ፣

ዓለሙን ከስምህ ላይ ቆርጬዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት የእነሱ ጠበቃ ተነሥቶ አንድ ወረቀት አነበበ። «ድምፁን የቀዱት የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ናቸው። እህቴ ከሥጋ ቤታችን ምንም ድምፅ አልቀዳችም። እናቴ ምንም ወረቀት ላይ ጣቷን አላሳረፈችም።» ከሥሩ የአንተ ስምና ፊርማ። ፊርማው ይንቀጠቀጣል። ቢያንስ ማፈርህን አየሁ።

አለቃዬ ዞር ብሎ ፈገግ አለልኝ። ብረት ፈለግኩ። የችሎቱ ወንበሮች ከወለሉ ጋር የታሰሩ ናቸው፤ እኔን የመሰለች ከዚህ በፊት አይተው መሆን አለበት።

ምን ሰጡህ? ማቀዝቀዣ? ያቺን ነጭ መኪና? ጠይቀኝ፣ ምን እንደሸጥክ ልንገርህ። እናታችን አንዲት ጣትህን ቆርጣ ዕድሜዋን ሙሉ ይቅርታ ስትጠይቅህ ኖረች፤ በየቀኑ፣ በየምቱ፣ ግንዱን እያንኳኳች። አንተ በአንድ ፊርማ አፏን ዘጋህ። የፈረምክበትን እጅ አምጥተህ ግንዱ ላይ ብታስቀምጠው፣ እኔ ነኝ መጥረቢያውን የማነሣው።

መልስ አልፈልግም።


ኅዳር 4፣ ከሰዓት በኋላ

ወንድምዓለም፣

የጠዋቱን ደብዳቤ አትክፈተው። እባክህን ምድጃ ውስጥ ጣለው። ለሌላ መኪና ሰጥቼው ነበር፤ ሮጬ አልደረስኩበትም።

ከዚያ ቆዳ መጋዘኑ በር ላይ ሹፌራችንን አገኘሁትና ኮሌታውን ያዝኩት። እውነቱን ለመናገር፣ የፈለግኩት ንዴቴን የማሳርፍበት ሰው ነበር።

«ልቀቂኝ አንቺ! አስምሎኛል!»

«በምን አስማለህ?»

«በእናቱ ነዋ!»

«እናቱ እናቴ ናት። ፈትቼሃለሁ። ተናገር!»

ተናገረ። አምስት ሳምንት ሙሉ በግራ እጅህ ሥጋ እንደምትቆርጥ። ቀኝህ በጨርቅ ታስሮ አንገትህ ላይ እንደተንጠለጠለ። ጣቶቹ «እንደ ቁልፍ ከረጢት ይንኳኳሉ» አለኝ። ከዚያ እሱ ራሱ አለቀሰ፤ ኮሌታውን እንደያዝኩት እኔም አለቀስኩ። ጫኞቹ ምን መስሏቸው እንደሆነ አላውቅም።

ጠረጴዛው ይወዛወዛል አልከኝ። እኔም አመንኩህ! በጆሮዬ የምተዳደር ሰው፣ አጥንት ሲሰበር ከጎመን የምለይ ሰው፣ የአንተን አልሰማሁም።

ያ እጅ ግንድ ላይ ይቀመጥ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይህን ቃል ተሸክሜው እኖራለሁ።

አሁን ንገረኝ። ማን፣ በምን፣ ስንት ጊዜ። ልትጠብቀኝ ብለህ አትደብቀኝ።

እህትህ


ኅዳር 19

እታለም፣

ሁለቱም አብረው ደረሱ። የጠዋቱን ቀድሜ ከፈትኩት። አይዞሽ፤ የእማ ልጅ መሆንሽን ነው ያረጋገጥኩት።

እንግዲህ ጠይቀሻል። መጀመሪያ ከላክሁልሽ ደብዳቤ በኋላ በአራተኛው ቀን ተመለሱ። ነጩን መኪና ስላየሁ ደስ ብሎኝ ነበር። በሩን ግን ሳያንኳኩ ገብተው ከውስጥ ቆለፉት፤ ያኔ ገባኝ። ፊቴን አዙሬ የእማን ድምፅ የያዘችውን ካርድ ከመቅጃዋ አወጣሁና ምላሴ ሥር አደረግኳት። ወረቀቱን ወሰዱ። መቅጃዋን ከፍተው ባዶ ሲሆንባቸው በጫማ ረገጧት። «ካርዱስ?» አሉኝ። ራሴን ነቀነቅኩ።

አንደኛው ከኋላዬ አቀፈኝ። ሌላው ቀኝ እጄን ግንዱ ላይ ዘረጋና የእማን መጥረቢያ ከመስቀያው አወረደ። በጀርባው በኩል ያዘው።

የሚያሳፍረኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ያቀፈኝ ሰውዬ ላላ ብሎ ነበር። ብስበው እጄን አወጣው ነበር። ግን ሁለቱን እየጠበቅኩ ነበር፣ እታለም። እኔ አይደለሁም፣ እጄ ነው የጠበቀው። በዚያ ግንድ ላይ፣ በዚያ መጥረቢያ፣ ሁለት ሳያንኳኳ የወረደ ምት ከልጅነቱ ጀምሮ አያውቅም። መጥረቢያው ሲነሣ አየሁት። ቋ ቋ የሚለውን ጠበቅኩ።

ሳያንኳኩ መቱኝ።

አራት ጊዜ። አልጮህኩም። ጀግና ሆኜ እንዳይመስልሽ፤ ብጮህ ካርዷ ትወድቅ ነበር። ከዚያ በግራ እጄ እስክሪብቶ አስጨብጠው የራሳቸውን ወረቀት አስፈረሙኝ። ሲወጡ «እህትህም እጅ አላት» አሉኝ። ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። አሁን ግን አንቺ ካወቅሽው ዝምታዬ ማንን ይጠብቃል?

ከጭነቱ ሦስተኛውን ቆዳ ፈልጊ፤ ጨው የበዛበትን። ግራ ጆሮው ተሰፍቷል፤ ስፌቱ አስቀያሚ ነው፤ በግራ እጅሽ መርፌ ያዢና ያኔ ሳቂብኝ። ካርዷ እዚያ ውስጥ ናት።

ይህንንም ደብዳቤ ለዳኛዋ ስጪያት። በራሴ እጅ የጻፍኩት ነው፤ ካልመሰላት መጥታ ሌላውን ትይ።

ዘጠኜ (አሁን እንኳ አምስት ቢሉኝ ይሻላል)


ጥር 3

ወንድምዓለም፣

እንደምን አለህ? ይኸው፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ።

ሹፌሩ ከሚያወራልህ ውስጥ ግማሹን ቀንስ፤ ዳኛዋን አልሳምኳትም። የሆነው ይሄ ነው። ዳኛዋ ካርዷ ላይ ያለው ድምፅ እንዲሰማ አዘዘች። መጀመሪያ ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ወረደ። ከዚያ የእኛ ዝንብ። ከዚያ እማ፦ «ይሄን ቱቦ ከአፌ ላይ አንሺልኝ፣ አንቺ ልጅ! ሥጋ ነው የምሸጠው፣ ዘፋኝ መሰልኩሽ?» የእኔ ሳቅ አለበት። አንተ «ጎድኑን ልያዝልሽ?» ስትል ትሰማለህ። ሠላሳ ዓመት ያለፈህን ጎልማሳ «እጅህን አንሣ፣ አንተ ሌባ!» አለችህ። ቋ፣ ቋ።

ምቱ ሳይወርድ፣ ከኋላ የተቀመጡት የመሥሪያ ቤቱ ጎረምሶች ሁሉ ጎንበስ አሉ! ዳኛዋ ራሷ እጇን ከጠረጴዛው ላይ አነሣች። አለቃዬ ፊቱ አመድ ሆነ። የእህቱን ልጅ ግን ዳኛዋ ረጋ ብላ «ጎመኑ በየት በኩል ነው ያለው?» ብላ ጠየቀችው።

ደብዳቤህን ጮክ ብላ ልታነብ ጀመረችና ግማሹ ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለራሷ ጨረሰችው። ከፊርማህ ጋር አስተያየችው። ከዚያ ፖሊስ አስጠራች። ነጩ መኪና አሁን ጣቢያው ግቢ ቆሟል፤ ሁለቱም ሰዎች ታስረዋል። አለቃዬን እኔን ባስጎተተበት ደረጃ ሁለት ፖሊሶች አወረዱት። ዘበኛው የጥርሴ ጠባሳ ባለበት እጁ በሩን ይዞላቸው ነበር። ይቅርታ ጠየቅኩት። «ክትባት ወስጃለሁ፣ አትጨነቂ» አለኝ። ለሰበርኩት ስክሪን አዲስ እንድተካ ተፈርዶብኛል። እተካለሁ። ለሦስቱም ምት አልጸጸትም።

ፖሊስ ነጩ መኪና ውስጥ ባገኘው የእማ ቅጂ፣ ስሙ ከቀረ ፈቃዱ ይቀራል የሚለው ቃል ጸንቷል። ድምፁን ከጨዋታው እንዲያወጡ ታዘዙ። አወጡ። ሰያፊው አሁን በዝምታ መጥረቢያውን ያነሣል፣ በዝምታ ያወርዳል። ተጫዋቹ እንደ ቅጠል ረገፈ። ከየአገሩ የሚጻፍላቸው ስሞታ አንድ ዓይነት ነው፦ «ሳያንኳኳ ይመታል!» ይህን ሳነብ የአንተን ደብዳቤ አውጥቼ አጠገቡ አስቀመጥኩት።

በአሥረኛው ቀን የመሥሪያ ቤቱ ምክትል በሬ ላይ ቆሞ አገኘሁት። የእኔን ስም ከድምፅ ሠሪዎች ሁሉ በላይ፣ በትልቁ ሊጽፍ ነው። «ትልቁን ለራስህ አድርገው፤ የእኔ ነገር ትንሿ መስመር ናት» አልኩት። አዲስ ፈቃድ አስጻፍኩት፤ እኔ እየተናገርኩ እሱ በእጁ ጻፈው። ዝርዝሩ ከሰኞ ጀምሮ እንዲህ ይላል፦

የመጥረቢያው ድምፅ፦ ሁለቴ
አጥንቱን የያዘው፦ ልጇ ዘጠኜ

በዚህኛው ዙር አላጸዳሁትም። ዝንቡም ዝናቡም አለ። ሰያፊው መጥረቢያውን ሲያነሣ መጀመሪያ እማ ትቆጣለች፦ «እጅህን አንሣ፣ አንተ ሌባ!» ሹፌሩ ከዚያ ወዲህ አንዴም አልሞትኩም ይላል።

ባለፈው ደብዳቤህ ንዴትሽ በረደልሽ ወይ ላልከኝ፣ አልበረደልኝም። ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር የዚያ የመታህ ሰውዬ እጅ ግንዱ ላይ ነው፤ መጥረቢያው የእኔ እጅ ውስጥ። በየጊዜው እዚያ እቆማለሁ፤ ላንኳኳለት ወይስ ሳላንኳኳ ልምታው ብዬ። እስካሁን አልወሰንኩም። እማ ብትሆን ታንኳኳለት ነበር፤ እኔ እሷ አይደለሁም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሹፌሩ መኪና እመጣለሁ። ባዶ ስለሚመለስ ከፊት እቀመጣለሁ፤ ጨው ጨው ብሸት እንዳትስቅ። አጥንት የምይዝልህ እኔ ነኝ፤ አንተ በግራህ መምታት ትለማመዳለህ።

አሁንም በሩን እንደምትቆልፍ፣ ሰው ሲመጣ እንደሚያልብህ ጽፈሃል። አንቺ መሆንሽን በምን አውቃለሁ ብለሃል።

ሁለቴ አንኳኳለሁ።

እህትህ